ክሩ በራጅ አይታይም

ባለቤቴ ራጅ ስትነሳ ሆዷ ላይ ሦስት መርፌና አንድ መርፌ ቁልፍ የታየው በእኔ ሞኝነት ነው። ይህን ከመነሻው የምናገረው፣ ሌላ ሰው ጨምሮበት ከሚነግራችሁ እኔው ጨምሬበት ብነግራችሁ ይሻላል ብዬ ነው። ቢቸና ላይ እኔ ሳስነጥስ «ይማርህ» የሚለኝ ሰው ሦስተኛ ሰፈር ነው የሚኖረው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ሰፊ ስላችሁ ሙሉ ሱፍ የሚቆርጥ ባለሙያ እንዳይመስላችሁ። የእኔ ሥራ ያጠረ ማስረዘም፣ የረዘመ ማሳጠር፣ ደንበኛው ሲወፍር ማስፋት፣ ሲከሳ ደግሞ አብሬ ማዘን ነው። አንድ የምኮራበት ሙያ ቢኖረኝ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ መስፋት ነው። ስለት የደረሰለት ሁሉ ከፋዩን ታቅፎ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ ዳር ዳሩን በወርቃማ ዘርፍ ከብቤ እሰጠዋለሁ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው የኮቱ ግራ ደረት መርፌ አይለየውም። ባለቤቴ የሻረግ በወጣትነታችን «እቅፍ ካማረህ መጀመሪያ ኮትህን አውልቅ» ትለኝ ነበር። ዛሬ ማስጠንቀቂያውም ቀርቷል፣ እቅፉም ቀርቷል፤ የቀሩት መርፌዎቹ ናቸው።

የሻረግ ከጓሮ ስትመለስ ጭቃ አንሸራትቷት በዳሌዋ ወደቀች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እያነከሰች «ምንም አልሆንኩም» አለችኝ። ይህች ሴት ነገር መደበቅ ታውቅበታለች። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከወንበር መነሳት ሲያቅታት ወደ አንድ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ።

የራጅ ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የሽማግሌ። «እማማ፣ ብረት ነክ ነገር ሁሉ ያውልቁ» አለቻት። የሻረግ የጆሮ ጌጧን፣ የአንገት መስቀሏን፣ የፀጉር ሽቦዋን አንድ በአንድ እያወለቀች መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ሠርጋችን ትዝ አለኝ፤ ያኔ ሰጪው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ስስ ጋዋን አልብሳ አልጋው ላይ አጋደመቻትና «አባባ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» ብላኝ ከግድግዳው ጀርባ ገባች።

ልወጣ ስል ዞር ብዬ ሳይ የሻረግ እግሮች በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። እስቲ ፍረዱኝ፣ አርባ ዓመት በትዳር ኖሬ ደግነት የሚመጣብኝ ያንኑ ሰዓት ነው? ኮቴን አውልቄ ከሆዷ ጀምሮ እስከ እግሯ አለበስኳትና በኩራት ወጣሁ።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ። የልጅቷ ፊት ነጭ ሆኗል።

«አባባ፣ እማማ መርፌ ውጠው ያውቃሉ?»

ተከትያት ገባሁ። ቴሌቪዥን በሚመስለው ነገር ላይ አሳየችኝ። የዳሌ አጥንት፣ ከአጥንቱ በላይ ሦስት መርፌ ተርታውን፣ ከጎናቸው አንድ መርፌ ቁልፍ። መርፌዎቹን አወቅኋቸው። ሰው ልጁን ከሩቅ እንደሚያውቅ አወቅኋቸው። ያ ወፍራሙ የከፋይ መርፌ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ልጄ፣ ፖሊስም መጥራት ካለብሽ ጥሪ። ምሳ በደረሰ ቁጥር መርፌዬን ያገኘሁት ላይ ነው የምሰካው። አንድ ጊዜ ድፎ ዳቦ ላይ ሰክቼ አውቃለሁ። ሆን ብዬ ግን አይደለም፤ ይህን ጻፊልኝ።»

ኑዛዜዬን ገና አልጨረስኩም፤ የድቁና ዘመኔን ሁሉ ልጨምርበት ነበር። የሻረግ ከአልጋው ላይ ጣልቃ ገባች።

«አንተ ሰውዬ፣ ና ኮትህን ውሰድ።»

ልጅቷ ኮቱን በሁለት ጣቷ ብድግ አድርጋ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ ይሻለኛል፤ የለመድኩት እሱን ነው። እንደገና አነሳቻት።

በሁለተኛው ራጅ መርፌዎቼ የሉም። እፎይ ልል ስል ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። በዳሌ አጥንቶቹ መሃል፣ ዝቅ ብሎ፣ የጣት አንጓ የማታክል ነጭ ነገር ቀርታለች። ቀጥ ያለች እንጨት፣ ከላይዋ አግዳሚ። በፈረንጅ ፊደል ቲ የምትሉትን ትመስላለች።

«አራተኛው መርፌ ነው» አልኩ ፈጥኜ። «ጎብጦ ነው እንጂ እሱ ነው።» ጋዋኑን አራገፍኩ፣ ከአልጋው ሥር በጉልበቴ ገባሁ፣ የሻረግን ነጠላ ጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሽኩ። ልጅቷ እስክደክም ጠበቀችኝና በርጩማ ስባ ከየሻረግ ፊት ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማማ፣ ዳሌዎ ደህና ነው፤ አልተሰበረም። ግን ድሮ ሉፕ አስገብተው ያውቃሉ? የወሊድ መከላከያ ነው፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ።»

የመለስኩት እኔ ነኝ። ሳልጠየቅ መመለስ የቆየ በሽታዬ ነው። «ልጄ፣ እኛ ልጅ አጥተን አቦ ደጅ ዘጠኝ ዓመት የተንከራተትን ሰዎች ነን። ማንን ነው የምንከላከለው?» ብዬ ሳቅሁ። ብቻዬን ነው የሳቅሁት። የሻረግ መስቀሏን አንገቷ ላይ እያሰረች ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

ልጅቷ ሁለታችንንም አየች። «ስንማር የእነዚህን ዕቃዎች ቅርጽ በወረቀት እየሣልን ነበር የምናጠናው» አለች በቀስታ። «ቀለበት የሚመስል አለ፣ የተጠማዘዘ አለ፣ እንዲህ ያለውም አለ። አጥንት ነጭ ነው፤ ብረት ግን ከአጥንት ይነጣል። ያየሁትን እጽፍላችኋለሁ። ሞጣ የማህፀን ሐኪም አለ፤ እሱ ይያቸው።» ሁለተኛውን ራጅ በፊልም አውጥታ በትልቅ ፖስታ ሰጠችኝ። ስንወጣ «አባባ፣ ኮትዎን እዚያ ሲደርሱ ቢያወልቁት» አለችኝ።

እዚህ ላይ የአቦን ነገር ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም።

አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ትርንጎ። ስትወለድ የሻረግ ሦስት ቀን አምጣ ልትሞት ደርሳ ነበር። እኔ ግን ደስታው ሰቅሎኝ ሱቄ ውስጥ ካለው ጣሳ አሥራ ሁለት ትንንሽ የልብስ ቁልፍ መረጥኩ። አንዷን የትርንጎ ቀሚስ ላይ ተከልኩና አሥራ አንዱን ለገባ ለወጣው ማሳየት ያዝኩ። «እነዚህ ገና በመንገድ ላይ ናቸው» እላለሁ፤ ሰው ይስቃል፤ ሰው ሲስቅ እኔ እደግመዋለሁ። ትርንጎ አምስት ዓመት ኖረች። ከዚያ በሦስት ቀን ትኩሳት ሄደች። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ከዓመቷ በኋላ ለአቦ ጃንጥላ ተሳልኩ፤ አንድ ልጅ ስጠኝ ብዬ። ሌላው ሰው ስለቱ ሲደርስለት ነው የሚያሰፋው። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ አስቀድሜ ሰፋሁት፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ዘርፍ። በላስቲክ ጠቅልዬ ሱቁ ውስጥ ሰቀልኩት። ዘጠኝ ዓመት ተሰቀለ። የሌሎች ጃንጥላ በሥሩ እያለፈ ይሄዳል፤ ልጅ ያገኘው፣ ከበሽታ የተነሳው፣ ክሱን የረታው ሁሉ እየወሰደ። በዘጠኝ ዓመቱ አንድ ደንበኛ ለዚሁ ለአቦ የሚያስገባው ጃንጥላ ዘርፍ አነሰኝ። አንጋጥጬ የራሴን አየሁት። አወረድኩት፣ ዘርፉን ተርትሬ ለሰውዬው ሰፋሁለት። እሱም አልደረሰ፣ ስንዝር ተኩል ጎደለው። ክፍተቱን ወደ ኋላ አዙሬ ሸሸግሁትና «አቦ፣ የጎደለውን አንተ ካልሰጠኸኝ ላይ አስበው» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ከአቦ ጋር አንነጋገርም። ወር በገባ በአምስት ቀን ሰው ሁሉ ወደ አቦ ሲነሣ እኔ ቤት እውላለሁ። ወደ ገበያ ስሄድ በደጁ ላለማለፍ በላይ ሰፈር እዞራለሁ፤ ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ ኩርፊያ የጨረስኩት ጫማ ተቆጥሮ አያልቅም። የሻረግ ግን ትሄዳለች። ስትመለስ «ሰላም ብሎሃል» ትለኛለች። «እኔ አላልኩትም» እላታለሁ።

እንግዲህ በማግሥቱ ወደ ሞጣ ተሳፈርን። ፖስታው ትልቅ ነው፤ ታጥፎ አይያዝም፤ ጉልበቴ ላይ አቁሜ ያዝኩት። ቢቸናን ሳንለቅ ከአጠገቤ የተቀመጡ እማሆይ «ምን ይዘሃል ወንድሜ?» አሉኝ። ዝም ማለት እችል ነበር። ፊልሙን አወጣሁና መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት።

ፀሐይ ሲያገኘው ያች ነገር ቦግ አለች። ሚኒባሱ በሙሉ አንገቱን አሰገገ። ከኋላ ያለ የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ «ዶማ ናት» አለ። «ሰው ዶማ ይውጣል?» አልኩት። «ቅርጿን ነው ያልኩህ እንጂ መጠኗን አልኩህ?» አለኝ ቅር ብሎት። ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ አይቶ «የልብስ መስቀያ ነው» ብሎ ፈረደ። እማሆይ ግን ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«መስቀል ነው» አሉ።

«እማሆይ፣ ራስ የለውም እኮ።»

«ራሱ አይታይህም እንጂ አለ። ይህች ሴት ምን ያህል ብታምን ነው ውስጧ የተቀረጸላት?» ብለው ፊልሙን ተሳለሙት። ግንባራቸውን፣ ከዚያ ከንፈራቸውን። ጠዋት የተቀቡት ቅቤ ሁለት ቦታ ታተመበት። ነጋዴውም ዶማውን ረስቶ ከኋላ እጁን ዘርግቶ ነካና እጁን ሳመ። እኔ ይህን እያየሁ በሆዴ ስቄ ስቄ ላልቅ ነው፤ ሱቅ ስመለስ እንዴት አድርጌ እንደማወራው አሁኑኑ እያሳመርኩት ነው። ልነግራት ወደ የሻረግ ዞርኩ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። እየሳቀች መስሎኝ በክርኔ ነካ አደረግኋት። አልሳቀችም።

ጉንደ ወይን ስንደርስ እማሆይ ወረዱ፤ ሾፌሩም ምሳ ልብላ ብሎ ጥሎን ሄደ። ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የሻረግ እግሯን ዘርግታ ዳሌዋን እያሸች ብዙ ቆየች።

«ያች የራጇ ልጅ ያለችው እውነት ነው» አለች።

«የቱ?»

«ሉፑ። ትርንጎ ጡት ሳትጥል ነው። አክስቴን ልጠይቅ ብዬ ሞጣ የሄድኩ ጊዜ። አንዲት ነርስ ነበረች፤ አሁን የምታረግዢ ከሆነ ትሞቻለሽ፣ ሦስት ዓመት ሰውነትሽ ይረፍ አለችኝ። አስገባችልኝ።»

አንድ ጭነት ኢሱዙ አለፈ። አቧራው እስኪወርድ ጠበቅኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ሱቅ መጥቼ ነበር። አሥራ አንዱን ቁልፍ ለሰው እያሳየህ ነበር።»

«እቆጣለሁ ብለሽ?»

«ብትቆጣማ ምን ነበረበት» አለች። «ትስቃለህ ብዬ ነው። ታወራዋለህ፤ ሰው ይስቃል፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሰው መሃል ገበያ እወጣለሁ። አንተ እኮ ክፉ አይደለህም። ምን ነገር አንተ ጋ መጥቶ ሳይሳቅበት ሄዶ ያውቃል?»

አፌ ላይ ሦስት ቀልድ መጥቶ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንዱማ ጥሩ ነበር። እንደ መርፌዎቼ በከንፈሬ ያዝኳቸው።

«ትርንጎስ ስትሄድ?» አልኳት።

«ከአርባዋ በኋላ ተመለስኩ፣ አውጡልኝ ልል። ያች ነርስ የለችም፤ ሌላ ነበረች። ከሉፑ ጫፍ ወደ ውጭ የሚንጠለጠል ክር አለው፣ እሱን ስቦ ነው ማውጣት። አየች አየችና፣ ክር የለም፣ ወድቋል፣ በቃ ሂጂ ውለጂ አለችኝ።» ነጠላዋን ከጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ሂጂ ውለጂ አለችኝ፤ መጣሁ። አንተ ጃንጥላ ትሰፋለህ፣ እኔ እጠብቃለሁ። ወድቋል ብዬ እኮ ነው። ዓመቱ ሲመጣ፣ ዓመቱ ሲሄድ፣ ነገሩ ገባኝ። ስጠኝ ሳይሆን አትስጠኝ ብዬው ነበርና ሰማኝ፤ ቅጣቴ ነው አልኩ። አንተ አቦን ስታኮርፍ እኔ ምን እንደሚሰማኝ ታውቃለህ? ያለ ጥፋቱ ነው የሚያኮርፈው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እያልኩ ነው ለሁለታችን የምሳለመው።»

ይህን ሁሉ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተናል። እኔ አቦን ከስሼ፣ እሷ በራሷ ላይ ፈርዳ።

«አሁን የምሄደው ለዳሌዬ አይደለም» አለች። «ሐኪሙን አንዲት ነገር ልጠይቀው ነው። እስክጠይቅ ድረስ አንተ አትመልስልኝ።»

ሾፌሩ አፉን እየጠረገ ተመለሰ። ከጉንደ ወይን እስከ ሞጣ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ነጋዴው «ሰውዬውን አሞት ነው?» ብሎ አጠገቡ ያለውን ሰው ሲጠይቅ ሰማሁት።

የሞጣው ሐኪም ጎልማሳ ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያየ አይመስልም። ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለና ያችን ቲ ትቶ ሌላ ቦታ ላይ ዓይኑ ተተከለ። በጣቱ ፈተግ ፈተግ አደረገው።

«ይህ ምንድን ነው? ሁለት ቦታ ጥላ አለ።»

«ቅቤ ነው ዶክተር» አልኩት። «መነኩሲት ተሳልመውት ነው።»

ሐኪሙ አልጠየቀኝም። ይህ ሰው ብዙ አይቷል ማለት ነው። በጥጥ ጠረገውና ቀጠለ። «ሉፕ ነው። አያጠራጥርም። ግን ራጅ መኖሩን እንጂ የት ቁጭ እንዳለ ለይቶ አይነግረንም፤ ማህፀን ውስጥ ይሁን፣ አልፎ ሆድ ውስጥ ይሁን። በአልትራሳውንድ ልያቸው።» አየና ማህፀን ውስጥ ነው አለን፤ እንደተቀመጠ። ምንም አልሄደም።

«ታዲያ ክሩስ?» አለች የሻረግ።

«ክሩ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ገብቷል። ይህ ያጋጥማል። ክር ስላልታየ ብቻ ወድቋል አይባልም፤ መፈለግ አለበት።»

«ያኔ ራጅ ቢያነሱኝ ኖሮ?»

«ዕቃው መዳብ ስላለበት ይታይ ነበር። ክሩ ግን በራጅ አይታይም።»

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጠፋ የክር ጫፍ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከስፌት ውስጥ ያመለጠ፣ ገበር ሥር የገባ፣ ሁሉንም በጥፍሬ አወጣዋለሁ። ሰው «ዓይንህ መርፌ ነው» ይለኛል። ቤቴ ውስጥ ያለውን ግን አላየሁትም።

ማውጣቱ ብዙ አልቆየም። ውጭ ቆሜ፣ ኮቴን አውልቄ በክንዴ ይዤ ጠበቅኩ። ተጠርቼ ስገባ የሻረግ አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች፤ አጠገቧ ባለ ሳህን ላይ ያ ነገር አለ። በፊልሙ ላይ ግዙፍ ነበር፤ እዚህ ሲታይ ከሸሚዝ አንገት ማጠንከሪያ አይበልጥም። ጠቁሯል። ከሥሩ ጠመዝመዝ ብሎ ክሩ አለ። አጭር፣ ቀጭን፣ የጨለመ ክር።

የሻረግ ጥያቄዋን ያኔ ጠየቀች።

«ዶክተር፣ ይህ ነገር ስንት ዓመት ይሠራል?»

ሐኪሙ ሊመልስ አፉን ከፈተና ገባው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ልክ እንደዚያች እንደ ራጇ ልጅ። ይህን የመቀመጥ ነገር ትምህርት ቤት ያስተምሯቸው ይሆን?

«አሥር ዓመት ነው የሚባለው፤ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል» አላት።

በጣቷ ቆጠረች። ትርንጎ ጡት ስትጥል፣ ትርንጎ ስትሄድ፣ ከዚያ በኋላ። ጣቷ መሃል ላይ ቆመ።

«እሱ ነው እንግዲህ የከለከለኝ? ወይስ ሌላ ነው?»

«በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ለማጽናናት ብዬ አልዋሽዎትም» አለ። «ግን እሱ ቦታው ላይ እያለ ልጅ አለመምጣቱ ምንም አያስገርምም። የተሠራው ለዚያ ነው። ሥራውን ነው የሠራው።» ቀጥሎም «ሌላ ምክንያት ፍለጋ አይሂዱ እናቴ» አላት።

የሻረግ አለቀሰች። ትርንጎ ስትቀበር ያለቀሰችውን ለቅሶ አውቀዋለሁ፤ ይህ እሱ አይደለም። ይህ ረጅም መንገድ ሸክም ይዞ የመጣ ሰው ሲያወርድ የሚያሰማው ድምፅ ነው። አጠገቧ ቆምኩ። ኮቴን ላለብሳት አስቤ ተውኩት። ከዚያ እንደገና አሰብኩና መርፌዎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደርድሬ አለበስኳት። ሐኪሙ መርፌዎቹን አየ፣ ይህንንም አልጠየቀኝም።

ስንመለስ መንገዱ አጭር ሆነብኝ። ከየሻረግ ጋር ተኳርፈን እንደነበር ሰው አያምነኝም፤ እኔም ያወቅሁት ስንታረቅ ነው። ቢቸና መግቢያ ላይ «አቦን ካሰው» አለችኝ።

«በምን?»

«ጃንጥላውን አስገባ።»

«ስለቱ አልደረሰም እኮ የሻረግ። ልጅ ስጠኝ ነው ያልኩት፤ አልሰጠኝም። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ይቅርታ እለዋለሁ። ጃንጥላው ግን ለምን ተብሎ ይገባል?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ለትርንጎ» አለች። «እሷን ሲሰጠን ምን ሰጠነው? ምንም አልሰጠነውም። አሥራ አንዱን ስንጠብቅ።»

የዚያን የድሮ ጃንጥላዬን ከፋይ ከሣጥን አወጣሁት። መሃሉ ብል በልቶታል፤ ዳሩ ደህና ነው። ለትልቅ ጃንጥላ አይበቃም፤ ለትንሽ ይበቃል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ጥላ። ዓይኔ ስለደከመ ክሩን የምታስገባልኝ የሻረግ ናት። ዘርፍ ከአዲስ አስመጣሁ፤ ስንዝር ተኩል ተረፈኝ።

ይህን ወግ ልጽፍ ስነሳ አስፈቀድኳት። ብዙ አሰበችና «ጻፈው፤ ግን ስነግረው አልሳቀም ብለህም ጻፍ» አለችኝ። ስትነግረኝ አልሳቅሁም። ይኸው ጽፌዋለሁ።

ወሩ በገባ በአምስት፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ በቀጥታው መንገድ አቦ ሄድኩ። ትንሿን ጃንጥላ ዲያቆኑ ተቀበለኝና ዘርግቶ ከሌሎቹ ጎን አቆማት። ከሌሎቹ መሃል ያ የድሮ ደንበኛዬ ጃንጥላ አለ፤ ከፋዩ ነጥቷል፣ የእኔ ዘርፍ ግን አሁንም ያበራል። ማንም ያልነቃበት ክፍተት፣ ወደ ኋላ ያዞርኩት፣ ዛሬ ወደ ፊት ዞሮ ተቀምጧል። የሻረግም አየችው።

«የተረፈህን ዘርፍ ይዘሃል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ስፋበት።»

እጄን ወደ ግራ ደረቴ ሰደድኩ። የለም። ከዚያ ከራጁ ቀን ወዲህ የሻረግ ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ ኮቴን ትዳብሳለች፤ አንድም መርፌ አታስቀርም። ከስንት ዘመን በኋላ አቦ ፊት የቆምኩት፣ ዘርፌን በኪሴ ይዤ፣ ያለ መርፌ ነው።

ስለዚህ ስንዝር ተኩል አሁንም አለብኝ።